ኮከብ፣ ቃልና መንገድ፦ የአስመሮም ለገሰ «ገዳ» ከሞያሌ ሲነበብ

ሞያሌ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ሦስት ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ትገኛለች። ግማሿ በኬንያ ማርሳቢት ካውንቲ ሥር ነው፤ ሌላው ግማሽ የኢትዮጵያ ሆኖ እሱም ራሱ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች መካከል ተከፍሏል። ለምድር ወገብ እንዲህ ቀርቦ ለሚኖር ሰው ከዋክብት ከምሥራቅ አድማስ ሲወጡ ወደ ጎን ሳያዘነብሉ ሽቅብ ቀጥ ብለው ይወጣሉ፤ የሰሜኑም የደቡቡም ሰማይ በዓመቱ ውስጥ ከሞላ ጎደል ሁሉም ይታያል። ከድንበሩ በዚህም በዚያም የሚኖሩት ቦረና ኦሮሞዎች ወርና ቀናቸውን ሲቆጥሩ የኖሩት ይህን ሰማይ እያዩ ነው። ቆጠራውን የሚያውቁት ሰዎች አያንቱ ይባላሉ። መሣሪያቸው ዓይናቸው፣ መዝገባቸው ደግሞ ትዝታቸው ነው።

ይህ እውቀት በዓለም የጥናት መድረክ እንዲታወቅ ካደረጉት ሥራዎች ቀዳሚው በኤርትራዊው አንትሮፖሎጂስት በአስመሮም ለገሰ ተጽፎ በ1973 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በኒውዮርክ የታተመው «ገዳ» ነው። ንዑስ ርእሱ ሥራው የአፍሪካን ማኅበረሰብ በሦስት አቀራረብ የሚያጠና መሆኑን ይናገራል። መጽሐፉ ብዙ ጊዜ የሚወሳው ስለ ሥልጣን ርክክብና ስለ ሸንጎ በሚያወሳው ክፍሉ ነው፤ የገዳ ሥርዓት አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው የ2016ቱ የዩኔስኮ ጉባኤ በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ከሰፈረ ወዲህ ደግሞ ይህ ንባብ ይበልጥ ጠንክሯል። እኔ ግን በዚህ ዳሰሳ በሌላ በር ልገባበት ፈለግሁ። «ገዳ» ከሁሉ በፊት ስለ ጉዞ የሚናገር መጽሐፍ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ብርሃን ከሩቅ ኮከብ ወደ አያንቱ ዓይን፣ ቃል ከአባት አፍ ወደ ልጅ ጆሮ፣ ሰውና ከብት ከውሃ ጉድጓድ ወደ ውሃ ጉድጓድ እንዴት እንደሚጓዙ። ኃይሉም ጉድለቱም ጎልቶ የሚታየኝ በእነዚህ ሦስት ጉዞዎች ላይ ነው።

አስቀድሞ ስለ አወቃቀሩ። አስመሮም በ1960ዎቹ መጀመሪያ በኢትዮጵያ ቦረና ምድር የመስክ ጥናት አድርገዋል። የሰበሰቡትን በአንድ ንድፈ ሐሳብ ጥላ ሥር ከመጠቅለል ይልቅ ያንኑ ሥርዓት ሦስት ጊዜ፣ በሦስት መንገድ ይመረምሩታል። በመጀመሪያው የገዳን እርከኖች እንደ መዋቅር ይተነትናሉ፤ ከሕፃንነት ጀምሮ በየስምንት ዓመቱ ከእርከን ወደ እርከን የሚደረገውን ሽግግር፣ የአባትና የልጅ ምድቦች እንዴት እንደሚተሳሰሩ ያሳያሉ። በሁለተኛው ያው ሥርዓት በቆጠራና በሥነ ሕዝብ ስሌት ይፈተናል። በሦስተኛው ከአንዱ እርከን ወጥቶ ወደ ሌላው ገና ያልገባ ሰው የሚያልፍበት የሥርዓተ አምልኮና የግጭት ሂደት ይታያል። ለአንድ ነገር ሦስት ማስረጃ መደርደር ለደራሲ ቀላል ነው። እዚህ የሆነው ሌላ ነው። አንዱ አቀራረብ ያቆመውን ሌላው ይፈትነዋል፤ መዋቅሩ በወረቀት ላይ ምሉዕ ሆኖ ሲታይ ቆጠራው ይመጣና ስንቱ ሰው በእርግጥ በመዋቅሩ ውስጥ እንዳለ ይጠይቃል። አንድ ጸሐፊ በገዛ ግኝቱ ላይ እንዲህ ያለ ፈተና ሲያቆም በእኛ አካባቢ ጥናቶች ውስጥ ብዙ ጊዜ አናይም።

የዚህን ፈተና ክብደት ለመረዳት አንዱን ደንብ ብቻ ማየት ይበቃል። ልጅ ወደ ገዳ የሚገባው በዕድሜው ተለክቶ አይደለም፤ አባቱ ካለበት እርከን አምስት እርከን ዝቅ ብሎ ይገባል። አንዱ እርከን ስምንት ዓመት ስለሆነ በአባትና በልጅ መካከል ያለው ርቀት 40 ዓመት ይሆናል። ደንቡ በወረቀት ላይ ደረቅ ቢመስልም በሕይወት ሲታይ ያስደንቃል። አስመሮም ለመስክ ሥራ በሄዱበት ዘመን አባ ገዳው፣ ማለትም በየስምንት ዓመቱ የሚፈራረቀው የሥርዓቱ መሪ፣ ጃልዴሳ ሊበን ነበሩ፤ ዘመናቸው ከ1960 እስከ 1968። ልጃቸው ሊበን ጃልዴሳ አባ ገዳ የሆኑት ደግሞ በ2000 ነው። መጽሐፉ ከታተመ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ የተፈጸመ ነገር በመጽሐፉ የሰፈረውን ደንብ ያለ አንዲት ዓመት ፈቀቅታ አረጋገጠ።

ይሁን እንጂ ይኸው ደንብ የአብዛኛውን ሰው እርከን ከዕድሜው ጋር ያጣላል። አንድ ሰው በ20 ዓመቱ ልጅ ይወልዳል፣ ሌላውን በ60 ዓመቱ፤ ሁለቱም ልጆች የሚገቡት በአባታቸው ልክ በተመደበላቸው አንድ እርከን ነው። ሽማግሌ ሆኖ የልጅ እርከን ላይ የሚገኝ ሰው የሚፈጠረው በዚህ ነው። አስመሮም ይህን መንሸራተት በኮምፒውተር ስሌት ተከታትለውታል፤ ማሽኑ ክፍል በሚሞላበትና ለማኅበራዊ ጥናት ብዙም በማይታሰብበት ዘመን። ወንዶች የተወሰነ እርከን ላይ ሳይደርሱ ልጅ እንዳያሳድጉ የሚከለክለውን ጥብቅ ሥርዓትም፣ ሀሪያ የሚባለውን በዕድሜ የሚመደብ ሌላ ማኅበር መኖርንም ከዚሁ መንሸራተት ጋር አያይዘው ያብራሩታል። ይህ ክፍል የመጽሐፉ ድንቅ ክፍል ነው። የቦረናን ሕግ እንደ ተረት ወይም እንደ ባህላዊ ጌጥ አያየውም፤ የራሱ አመክንዮ እንዳለው፣ አመክንዮውም ተሰልቶ ሊፈተን እንደሚችል ሥርዓት ያከብረዋል። ለአንድ ሕዝብ እውቀት ከዚህ የበለጠ አክብሮት መስጠት የሚቻል አይመስለኝም።

ወደ ሰማዩ እንውጣ። የቦረና የጊዜ አቆጣጠር የቀረበበት ክፍል ከመጽሐፉ ጠቅላላ ገጽ ትንሹን ድርሻ የያዘ ሆኖ ሳለ ከሌላው ክፍል ይልቅ ሩቅ ተጉዟል። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። ዓመቱ 12 የጨረቃ ወራት አሉት፤ አጠቃላይ ድምሩ 354 ቀን ገደማ። ቀናቱ እንደ ሳምንት በሰባት አይዞሩም፤ 27 የየራሳቸው ስም ያላቸው ቀናት ይፈራረቃሉ። ወሩ 29 ወይም 30 ቀን ስለሆነ አዲሱ ወር ካለፈው ሁለት ወይም ሦስት የቀን ስም ዘልቆ ይጀምራል። የቀኖቹ ቁጥር 27 መሆኑ ራሱ ትርጉም አለው፤ ጨረቃ ከአንድ ኮከብ አጠገብ ተነሥታ ተመልሳ እዚያው ኮከብ አጠገብ ለመድረስ 27.3 ቀን ይፈጅባታል። አልጋጂማ፣ አርባ፣ ዋላ፣ ባሳ የሚባሉት የቀን ስሞች የከዋክብትም ስሞች መሆናቸውን ያስተዋለ አንባቢ ይህ ቆጠራ ከጨረቃ ቅርጽ በላይ የጨረቃን መንገድ እንደሚከተል ይገባዋል።

ወራቱን የሚለዩት ከዋክብት ላሚ፣ ቡሳን፣ በካልቻ፣ አልጋጂማ፣ አርባ ጋዱ ከዋላ ጋር፣ በመጨረሻም ባሳ ናቸው። በከዋክብት ተመራማሪዎች ስም ትሪያንጉለም፣ ሰባቱ ከዋክብት፣ አልደባራን፣ ቤላትሪክስ፣ የኦሪዮን መካከለኛ ክፍል ከሳይፍ ጋር፣ ሲሪየስ ማለት ነው። በመጽሐፉ መሠረት ስድስቱ ወራት አዲሷ ጨረቃ በቅደም ተከተል ከእነዚህ ከዋክብት ጋር ስትገናኝ ይታወቃሉ። ቀሪዎቹ ስድስት ደግሞ በላሚ ብቻ ይለያሉ፤ ከላሚ ጋር የምትገናኘው ጨረቃ በመጀመሪያ ሙሉ ናት፣ ከዚያ ወር በወር እያነሰች ትሄዳለች።

ይህን ሁለተኛ አጋማሽ ማንም አንባቢ በወረቀትና በእርሳስ ሊያረጋግጠው ይችላል። ፀሐይ በከዋክብት መካከል በወር 30 ዲግሪ ገደማ ትጓዛለች። ላሚ ከፀሐይ ተቃራኒ በሚሆንበት በጥቅምት ወር አካባቢ ጨረቃ ላሚ ዘንድ ስትደርስ ሙሉ ናት። በሚቀጥለው ወር ፀሐይ ስለቀረበች ጨረቃዋ ገና ሳትሞላ ትደርሳለች፤ በሚቀጥለው ይበልጥ ጎድላ፤ በስድስተኛው ወር ቀጭን ማጭድ ሆና። አንድ ኮከብና አንዲት ጨረቃ ብቻ ይዞ ግማሽ ዓመት ሳያሳስት የሚቆጥር ሥርዓት ነው። እዚህ ላይ የመጽሐፉ አጻጻፍም ለጉዳዩ የሚገባ ነው፤ አስመሮም አይደነቁም፣ አያስደንቁም፤ ስሞቹን ደርድረው ግንኙነቱን አስቀምጠው ዝም ይላሉ።

የመጀመሪያው አጋማሽ ግን እንዲህ አይገጥምም። «መገናኘት» የሚለውን በተለመደው መንገድ፣ ጨረቃ ከኮከቡ ጎን መሆኗን ነው ብለን ከወሰድን ከላሚ እስከ ባሳ ያለው የሰማይ ርቀት ወደ ምሥራቅ ሲለካ 70 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። አዲሷ ጨረቃ በየወሩ 29 ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ ስለምትሸጋገር ስድስቱንም ማረፊያዎች በሦስት ወር ውስጥ አልፋቸው ትሄዳለች። ስድስት ወር አይሞላም። ታዲያ አያንቱዎቹ ምን እያዩ ነው? አድማሱ ላይ የመውጫዋን ነጥብ ነው ወይስ ጎረቤትነቷን? ሲመሽ ነው ወይስ ሊነጋ ሲል? በአንዲት ሌሊት ነው ወይስ በተከታታይ ሌሊቶች? መጽሐፉ የቆጠራውን ውጤት እንጂ የማየቱን ተግባር አልመዘገበም። ሌላም ተከታይ ጥያቄ አለ፤ 354 ቀን ያለው ዓመት በከዋክብት ከሚለካው ዓመት 11 ቀን ያጥራል፤ ወራቱ ከከዋክብት ጋር እንደተቆራኙ ከቀጠሉ በየሦስት ዓመቱ ገደማ አንድ ነገር መስተካከል አለበት። መጽሐፉ ይህን እስከ መጨረሻው አይገፋበትም። የማመሰግነውን ያህል አጥብቄ የምወቅሰው እዚህ ላይ ነው፤ በሥነ ሕዝቡ ክፍል ደንቡን በስሌት የፈተነ ጸሐፊ በሰማዩ ክፍል ደንቡን ሳይፈትን አሳለፈው።

የጉድለቱ ዋጋ በኋላ ታየ። በ1978 ሊንችና ሮቢንስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ«ሳይንስ» መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ ከቱርካና ሐይቅ ምዕራብ በናሞራቱንጋ የሚገኙት 19 የባዛልት ዐምዶች ወደነዚሁ የቦረና ከዋክብት የተተለሙ ናቸው አሉ፤ ዘመኑንም ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት አደረጉት። ሮበርት ሶፐር በ1982 ልኬቱን መልሶ ሲመረምር ብርቱ ጥርጣሬ አነሣ፤ ባዛልት ራሱ መግነጢሳዊ ስለሆነ በኮምፓስ የተወሰደ አቅጣጫ አይታመንም። በ1986 የከዋክብት ተመራማሪው ሎረንስ ዶይል ለመጽሐፉ እንቆቅልሽ መልካም የሚመስል መፍትሔ አቀረበ። ጨረቃና ኮከቡ ጎን ለጎን መሆን የለባቸውም፤ በአድማሱ ላይ በአንድ ነጥብ በኩል ተከታትለው ይወጣሉ ማለት ነው አለ። ለምድር ወገብ በቀረበ ሀገር ከዋክብት ቀጥ ብለው ስለሚወጡ ይህ ዓይነት እይታ በእርግጥም ምቹ ነው፤ ከላሚ ወደ ባሳ የሚሄደው ተራም ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚወርድ ተራ ነው።

ችግሩ የዛሬው ላሚ ለጨረቃ በጣም ሰሜን መሆኑ ነው። ጨረቃ ከሰማይ ወገብ ከ28 ዲግሪ ተኩል ገደማ በላይ ወደ ሰሜን አትሄድም፤ ላሚ ደግሞ ዛሬ ከ30 ዲግሪ ያልፋል። የምድር ዛቢያ በ26,000 ዓመት ገደማ አንድ ዙር እየዞረ የከዋክብትን መውጫ ስለሚያንሸራትት ዶይል ወደ ኋላ ቆጥሮ ቦታው የሚገጥምበትን ዘመን ፈለገ። ያገኘውም ያንኑ 300 ዓመት ቅድመ ልደት ነው። ስሌቱን አደንቃለሁ፤ ይህ ሰው ቆይቶ በ2011 ሁለት ፀሐዮችን የምትዞረውን ኬፕለር 16ቢ የተባለች ፕላኔት ያስታወቀውን ጥናት የመራ ነው፤ የሰማይ ሒሳብ አያመልጠውም። ነገር ግን መፍትሔው ዛሬ ያሉት አያንቱዎች ከ2,000 ዓመት በፊት የነበረውን ሰማይ በቃል ይዘው ያሁኑን አያዩም ወደሚል ግምት ይገፋል። ይህ ደግሞ ሌሊት ሌሊት ሰማዩን ከሚመረምሩ ሰዎች ሥራ ጋር አይስማማም። ክላይቭ ራግልስ በ1987 አቆጣጠሩን እንደገና ፈተሸው፤ ማርኮ ባሲ ደግሞ በ1988 ከቦረና ምድር የመጀመሪያ ደረጃ የመስክ ዘገባ አወጣና ጥያቄውን ከስሌት ጠረጴዛ ወደ ግጦሽ ሜዳ መለሰው። ከመጀመሪያው መጠየቅ የነበረባቸው አያንቱዎቹ መሆናቸውን ያወቅነው እንግዲህ መጽሐፉ ከወጣ ከ15 ዓመት በኋላ ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በአስመሮም ላይ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ለብቻው የሄደ አንድ ተመራማሪ የሕግ፣ የሥርዓት፣ የቤተሰብና የታሪክ ማኅደር እየሞላ ሳለ የሰማዩንም ዝርዝር መዝግቦ መመለሱ ትልቅ ነገር ነው። እሳቸው ዝርዝሩን ባይጽፉት ሌሎች የሚሟገቱበት ነገር ባልኖረ። ክርክሩ ራሱ የመጽሐፉን ጨዋነት ይመሰክራል፤ መረጃው ግልጽና ሳይሸፋፈን የቀረበ ስለሆነ ሌሎች ስሕተቱን ሊያገኙበት ቻሉ።

በዚህ ሁሉ መካከል የከዋክብቱ ርቀት ቁጥሮች ያስደንቁኛል። ባሳ ከእኛ 8.6 የብርሃን ዓመት ይርቃል፤ ብርሃኑ ሞያሌ ለመድረስ የአንድ አባ ገዳን የሥልጣን ዘመን ያህል ይጓዛል። በካልቻ 65 የብርሃን ዓመት ይርቃል፤ አስመሮም መስክ ላይ በነበሩበት ዘመን ከኮከቡ የተነሣው ብርሃን ለዓይናችን የሚደርሰው በዚህ በእኛ ዘመን ነው። የአልጋጂማ 250 ዓመት ገደማ፣ የቡሳን 440 ዓመት ገደማ ይፈጃል። ጊዜን በስምንት ዓመት የሚሰፍር ሕዝብ ሰማዩን ሲያነብ በአንዲት ሌሊት የብዙ ገዳዎችን ዕድሜ ያላቸው ብርሃናት አንድ ላይ ያያል።

ሁለተኛው ጉዞ የቃል ነው። ጽሕፈት ሳይኖር የአባ ገዳዎች ተራ ከ300 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሲቆጠር፣ በየዘመኑ የተፈጸመው ጦርነት፣ ድርቅና ሕግ በአባ ገዳው ስም ሲታወስ ከአፍ ወደ ጆሮ እየተላለፈ ነው። አስመሮም ይህን የቃል ታሪክ ከምንም በላይ ዋጋ ሰጥተውታል። አረሮ ረማታን የመሳሰሉ ስመ ጥር የቃል ታሪክ አዋቂዎችን በመረጃ ሰጪነት ብቻ አላዩዋቸውም፤ እንደ ሊቅ አዳምጠዋቸዋል። የአንድ ገዳ ዕጣ በኋለኛው ተዛማጅ ገዳ ላይ ተመልሶ ይመጣል የሚለውን የዳቺ እሳቤም በጥንቃቄ ተንትነውታል፤ ታሪክ ለቦረና ያለፈ ነገር ብቻ አለመሆኑን፣ የአሁኑን ትውልድ የሚያስጠነቅቅ መሆኑን አንባቢው ይረዳል።

የምፈልገውን ያህል ያልሰጠኝ ድምፁን ነው። የሽማግሌዎቹ ንግግር በራሱ ምት፣ በድግግሞሹ፣ በምርቃቱና በተቀባዩ ምላሽ ከሚሰማባቸው ገጾች ይልቅ ተጨምቆ ሐሳቡ ብቻ የቀረበባቸው ይበዛሉ። ሥነ ቃል ሐሳቡን የሚያቆየው በድምፁ ቅርጽ ነው። ቅርጹ ሲወድቅ የተረፈው ሐሳብ እውነት ቢሆንም እንዴት ሳይበላሽ እንደደረሰን አያስረዳም። ከኮከቡ ጋር የገጠመን ጉድለት እዚህም ተመልሶ መጣ፤ የተሰማው አለ፣ የመስማቱ ሥራ የለም። ክፍተቱን ለመረዳት ለሚፈልግ ሰው የሞያሌው ተመራማሪ አብዱላሂ ሾንጎሎ በ1994 ስለ ጉሚ ጋዮ ያሳተመው ጽሑፍ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። ጉሚ ጋዮ በስምንት ዓመት አንዴ የሚቀመጠው የቦረና ታላቅ ሸንጎ ነው፤ ሕግ የሚታወጅበት፣ የቆየው ሕግ የሚታደስበት። ሾንጎሎ የሀገሩን ቋንቋ የሚናገር የድንበር ከተማ ሰው ስለሆነ ሸንጎው ውስጥ የተባለውን እንደተባለ፣ ከዘመኑ መንግሥት ጋር ካለው ውጥረት ጋር ያስቀምጣል። ኋላም ከጉንተር ሽሌ ጋር ሆኖ የቦረናን ምሳሌያዊ አነጋገር ከነአውዱ አሳትሟል። የሜዳ ላይ ድምፅ ጥቂት መቶ ሜትር ተጉዞ ይከስማል፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው በተሰበሰበበት ሸንጎ የታወጀ ሕግ እስከ ማርሳቢትና እስከ ሶሎሎ የሚደርሰው ሰምተው በተመለሱ ሰዎች አፍ ነው። የእነዚህን ሰዎች ሥራ አስመሮም ቢጽፉት ኖሮ ምን ያህል እንማር ነበር!

ስለ ሴቶችም አንድ ነገር መባል አለበት። ገዳ የወንዶች ሥርዓት ነው፤ መጽሐፉም ያንኑ ተከትሎ ሄዷል። ቃል ግን ከእናት ወደ ልጅም ይጓዛል፤ ላም ስትታለብ የሚዘመረው፣ ሕፃን ሲሰየም የሚባለው የዚሁ ሕዝብ መዝገብ ነው። ይህ ድምፅ በ«ገዳ» ውስጥ ደብዝዟል።

ሦስተኛው ጉዞ የሰው ነው፤ ከሞያሌ ሲነበብ መጽሐፉ በጣም የሚያጥረውም እዚህ ነው። የ1907 የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ስምምነት ያሰመረው ድንበር የቦረናን ምድር ከሁለት ሰንጥቆታል። ጥልቅ ጉድጓዶቹና ዋነኞቹ የሥርዓት ቦታዎች በሰሜን ቀሩ። ወደ ደቡብ የዘለቁት ወደ ዋጂር ሄዱ፤ ከዚያም በ1930ዎቹ በቅኝ ገዢው አስተዳደር ውሳኔ ወደ ኢሲዮሎ፣ ወደ ዋሶ ተዛወሩ። እዚያ ብዙዎቹ ሙስሊም ሆኑ፤ ከገዳው ጋር የነበራቸውም ትስስር ላላ። ኬንያ ነፃ በወጣችበት ሰሞን የተነሣው የሽፍታ ጦርነት ደግሞ ከብታቸውን አሳጣቸው። ጉድሩን ዳል በ1979 ያሳተመችው የዋሶ ቦረና ጥናት ይህን መከራ ከግመሉ፣ ከላሙና ከወተቱ ስሌት ጋር ዘርዝሮ ያቀርባል። የ«ገዳ» የመስክ መሠረት ግን የኢትዮጵያው ቦረና ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ሥርዓት መሐል አለው፣ ጠርዝ ግን የለውም። ሰው ከሥርዓቱ መሐል በራቀ ቁጥር ደንቡ እንዴት እንደሚሳሳ፣ የት ላይ እንደሚበጠስ፣ የት ላይ ሳይታሰብ እንደሚጸና ሊያሳይ የሚችለው ጠርዙ ነበር፤ ጠርዙም ሞያሌ ነው።

አስመሮም ራሳቸው ይህን ክፍተት ያዩት ይመስለኛል። በ1989 በታተመ ጥናታቸው ወደ ሰሜን ኬንያ አርብቶ አደሮች፣ ወደ ቦረናና ገብራ፣ ተመልሰው ድርቅን፣ መላመድንና ልማትን መርምረዋል። በ2000 ያወጡት ስለ ኦሮሞ ዴሞክራሲ የሚናገረው መጽሐፍ ደግሞ የ«ገዳ»ን ፍሬ ለሰፊው አንባቢ ያቀርባል፤ ቋንቋው የቀለለ፣ ዓላማው የጎላ፣ ክርክሩ የሞቀ ነው። ከሁለቱ ምረጥ ብባል ያለማመንታት የ1973ቱን እመርጣለሁ። በኋለኛው መጽሐፍ ገዳ የሚሞገስ ፖለቲካዊ ቅርስ ሆኗል፤ በፊተኛው ግን ገና ጥያቄ ነው፤ ጸሐፊው የወደደውን ነገር ለመፈተን አይፈራም።

በ«ገዳ» መጨረሻ ላይ የተያያዘውን የተቃውሞ አንትሮፖሎጂ ድርሳን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። አስመሮም እዚያ ላይ የራሳቸውን ሙያ ይሞግታሉ፤ አፍሪካን የሚያጠናው ሊቅ የአፍሪካን ሊቅ እንደ አቻው ለምን አያየውም? ድርሳኑ ከቀደመው ትንተና ጋር በስልት አይመሳሰልም፤ ድምፁ ከፍ ይላል፣ ዐረፍተ ነገሩ ይረዝማል፣ አንዳንዱ ክስ ማስረጃ ሳይጠብቅ ይወጣል። በቅርጽ ረገድ ከመጽሐፉ ጋር የተሰፋበት ክር ይታያል። ሆኖም ከመጽሐፉ ይውጣ የሚል ሐሳብ የለኝም፤ አንድ የአፍሪካ ልጅ በሃርቫርድ የተማረውን ሙያ ተጠቅሞ ያንኑ ሙያ ሲጠይቅ የሰማነው በዚህ ነው፤ ከድርሳኑ በፊት ያሉት ምዕራፎች ደግሞ መጠየቅ ብቻ ሳይሆን መሥራትም እንደሚቻል አሳይተዋል።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። «ገዳ» በአፍሪካ ቀንድ ማኅበራዊ ጥናት ውስጥ ከመጀመሪያው ረድፍ የሚቆም ሥራ ነው። በመዋቅር ትንተናው ትክክለኛ፣ በሥነ ሕዝብ ፍተሻው ደፋር፣ ለሚያጠናው ሕዝብ እውቀት ባለው አክብሮት የማይታማ ነው። ጉድለቱም አንድ ወጥ ነው፤ በሰማዩም፣ በቃሉም፣ በመንገዱም ላይ ደንቡን ጽፎ ድርጊቱን ተወ። ምን እንደሚታይ ነግሮን እንዴት እንደሚታይ፣ ምን እንደሚባል ነግሮን እንዴት እንደሚደመጥ፣ ሰው የት እንዳለ ነግሮን እንዴት እዚያ እንደደረሰ ሳይነግረን ቀረ።

ለአማርኛ አንባቢ ተዘጋጅቶ ቢወጣ የምመኘው እትም በጊዜ አቆጣጠሩ ክፍል ላይ የራግልስና የባሲን ምርመራ በግርጌ የሚያስከትል፣ የሁለቱንም ሞያሌዎች አያንቱዎች አንድ ሙሉ ዓመት ከላሚ እስከ ባሳ ምን እንዳዩና በምን እንደተከራከሩ ሌሊት በሌሊት የሚመዘግብ ነው። ከኢሲዮሎ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ዛሬ አስፋልት ነው፤ በ2020 የተከፈተው የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያም ተሻግሮ መሄድን አቅልሏል። ሥራው ሁለት አያንቱ፣ አንድ መቅረጫ፣ አንድ የከዋክብት ሒሳብ የሚያውቅ ወጣት ይጠይቃል፤ የሚጀመረውም በቢቶቴሳ፣ አዲሷ ጨረቃ ከላሚ ጋር በምትታይበት ወር ነው።